«ዶክተር፣ እኔ ሪትም የለኝም»

ባለፈው ወር አንዲት የ52 ዓመት እናት ልደታ አካባቢ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጡ። የደም ግፊት ታካሚዬ ናቸው። ከጥቂት ወራት በፊት ስንለያይ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዱ ነበር፤ ክብደታቸው ትንሽ ቀንሷል፤ ግፊታቸውም እኔ በምፈልገው ልክ ወርዷል። አሁን ግን መለኪያው ወደ ቀድሞው ቁጥር ተመልሷል። «መድኃኒቱን አቋረጡ እንዴ?» አልኳቸው። አላቋረጡም። ያቋረጡት ሌላ ነገር ነው፤ ልጃቸው በሳምንት ሦስት ቀን ይዛቸው ትሄድ የነበረውን የሳልሳ ዳንስ ትምህርት።

«ምነው? ይወዱት አልነበረም?»

«እወደዋለሁ። አስተማሪው ግን ሰው ፊት ‹እርስዎ ጆሮ የለዎትም› አለኝ። እውነቱን ነው ዶክተር፣ እኔ ሪትም የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ ምን አዋረደኝ ብዬ ተውኩት።»

ግፊታቸው የጨመረው በዚህ ብቻ ነው አልልም። በመሃል የበዓል ሰሞን ነበር፤ የጨውና የቅቤው ነገር ይታወቃል። ነገር ግን ወደ ቤቴ ስሄድ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው የጨው ጉዳይ አልነበረም። እኚህ እናት ከመድኃኒታቸው ቀጥሎ የነበራቸውን ትልቅ እገዛ የጣሉት ጉልበታቸውን ስላመማቸው ወይም ገንዘብ ስላጡ አይደለም። አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ስላሳፈራቸው ነው። ውድ አንባቢያን፣ በጤና ዓምድ ላይ ስለ ሳልሳ፣ ያውም ሳልሳ የሚደንስ ሰው ሙዚቃውን መስማት እንዴት እንደሚማር ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። መካከለኛ ማለት ምን እንደሆነ በቀላሉ ማወቅ ይቻላል፤ እየተንቀሳቀሱ መነጋገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ትንፋሽ ካጠረዎት እዚያ ላይ ነዎት። ይህን ለታካሚ መንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «በእግርዎ ይሂዱ» እንላለን፣ «እሺ ዶክተር» ይባላል፣ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል። ሰው የሚወደውን እንቅስቃሴ ግን በቀላሉ አይተውም፤ ካላሳፈሩት በስተቀር።

በዚያች ቀን ከምክር በፊት አንድ ነገር ሞከርኩ። እስክሪብቶዬን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ችክችካ መታሁ። ታካሚዬ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ ሳቁ፤ እየሳቁ ሳለ ትከሻቸው ቀድሟቸው መለሰ። አፈጠንኩት፣ ትከሻቸው ፈጠነ። ድንገት አቆምኩ፣ እሳቸውም እኩል አቆሙ። ይህ ትከሻ ሪትም ከሌለው የማን ትከሻ ሊኖረው ነው?

«ሪትም የለኝም» የሚለው አባባል በሕክምና ዓይን ሲታይ ብዙም አይቆምም። በ2009 እ.ኤ.አ. የሃንጋሪና የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በተወለዱ በሁለትና በሦስት ቀናቸው ለተኙ ሕፃናት የከበሮ ምት እያሰሙ የአንጎላቸውን እንቅስቃሴ መዝግበው ነበር። ዋናው ምት ሆን ተብሎ ሲዘለል የሕፃናቱ አንጎል አንድ ነገር እንደ ጎደለ የሚያሳይ ምላሽ ሰጥቷል። አዋቂዎች ላይ በኤምአርአይ የተሠሩ ጥናቶችም ምት ያለው ድምፅ የሚሰማ ሰው ጣቱን እንኳ ሳያነቃንቅ እንቅስቃሴን የሚያስተናብሩት የአንጎል ክፍሎቹ ሥራ እንደሚጀምሩ አሳይተዋል። ፓርኪንሰን የያዛቸው አንዳንድ ሰዎች እግራቸው አልንቀሳቀስ ሲላቸው ምት ሲያሰሟቸው እርምጃቸው የሚስተካከለው ጆሮና እግር እንዲህ የተሳሰሩ ስለሆኑ ነው።

በእርግጥ ምትን ጭራሽ መያዝ የማይችል ሰው አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሞንትሪያል ስለ አንድ ወጣት የጥናት ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። የሳልሳ ጎረቤት የሆነውን ሜሬንጌን ከፍተው ከምቱ ጋር እንዲወዛወዝ ቢጠይቁት አልሆነለትም። ልብ ይበሉ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ጥናት የተጻፈለት ነገሩ ብርቅ ስለሆነ ነው። እርስዎ ሠርግ ቤት ከሰው ጋር እኩል ማጨብጨብ ከቻሉ ከብርቆቹ ወገን አይደሉም።

ታዲያ እስክስታ የሚወርድ ሰው ሳልሳ ላይ ለምን ይደናቀፋል? በእኔ እምነት ጆሮው ስላልሠራ ሳይሆን ሌላ ነገር አጥብቆ ስለተማረ ነው። ችክችካ ስድስት ስድስት እያለ፣ ሦስት ሦስት ተብሎ እየተከፈለ የሚሄድ ምት ነው። ሳልሳ አራት አራት ነው፤ ዳንሰኛው ሁለቱን አራት አገጣጥሞ እስከ ስምንት ይቆጥራል። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ይህን ነገር በደንብ ያሳያል። የሰሜን አሜሪካ የስድስት ወር ሕፃናት ለእነሱ እንግዳ በሆነው የባልካን ሙዚቃ ውስጥ ምቱ ሲበላሽ ለይተው ያውቃሉ፤ የአንድ ዓመቶቹ ግን ጆሯቸው ወደ አገራቸው ሙዚቃ አድልቶ ልክ እንደ አዋቂዎቹ ይስታሉ። ለአንድ ዓመቶቹ ሙዚቃው ለሁለት ሳምንት ቤታቸው ሲከፈትላቸው ችሎታቸው ተመለሰ። አዋቂዎቹ ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሰምተው ካልያዘዎት ተስፋ አይቁረጡ፤ የአዋቂ ጆሮ ጊዜ ይፈልጋል።

እኔም ራሴ ከተደናቀፉት ነኝ። ሕክምና ስማር በቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አቅራቢያ በቆመው የትግላችን ሐውልት አጠገብ በየቀኑ አልፍ ነበር። ሐውልቱ በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ከእኛ ወታደሮች ጎን የተሰለፉትን ኩባውያንም ያስታውሳል። ከዚያ ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው፣ ብዙዎቹም የወጣቶች ደሴት በምትባለው ስፍራ ተምረዋል። ሐኪም ሆነው የተመለሱ አሉ። ሳልሳ ስሙን ያገነነው በ1960ዎቹና በ70ዎቹ እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ቢሆንም ሥሩ ሶን የሚባለው የኩባ ሙዚቃ ነው፤ የሶን ከበሮ ደግሞ በባርነት ከተወሰዱ አፍሪካውያን የመጣ ነው። የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ባወጣቸው ሁለት አልበሞች የኢትዮጵያን ዜማ ከእነዚህ ከበሮዎች ጋር ያጋባው ቤተ ዘመድ መሆናቸውን ጆሮው ቢነግረው ይመስለኛል።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነበር ሳልሳ የተማርኩት። አስተማሪያችን ከሙዚቃው በላይ ጮኾ ይቆጥራል፤ እኛም ከንፈራችንን እያንቀሳቀስን እንቆጥራለን። በአራት ወር ውስጥ ሃያ ያህል መዞሪያ አውቄያለሁ። አንድ የምረቃ ዝግጅት ላይ ያወቅኩትን ሁሉ ስዘረግፍ ኩባ የተማሩ አንድ አንጋፋ ሐኪም ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ትደንሳለህ ወይስ ሒሳብ ትሠራለህ?»

«እየቆጠርኩ ነው ጋሼ።»

«አራት ላይ ስትቆም ምን ሰማህ?»

«አራት ላይ ምንም የለም፣ እረፍት ነው።»

ሳቁብኝ። ከዚያ ጀርባዬ ላይ በመዳፋቸው የኮንጋውን ምት መቱልኝ። እረፍት ነው ባልኩት ቦታ ላይ ሁለት ከባድ ምቶች አረፉ፤ ዱ-ዱም።

ይህን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። በተለመደው አረጋገጥ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ረግጠን አራት ላይ እንቆማለን፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ረግጠን ስምንት ላይ እንቆማለን። ጀማሪ እነዚህን ሁለት ማቆሚያዎች ባዶ አድርጎ ያያቸውና ይዘላቸዋል፤ ስለዚህ ከሙዚቃው ይቀድማል። ከእጅ ከበሮዎቹ ትልቁ፣ ኮንጋ የሚባለው፣ በተለመደው አመታቱ ደምቆ የሚናገረው ግን እዚያው አራትና ስምንት ላይ ነው። ሁለትና ስድስት ላይ ደግሞ በጥፊ የተመታ የሚመስል ደረቅ ድምፅ አለው። እግርዎ ዝም ሲል ከበሮው ይናገራል ማለት ነው። ይህን አንዴ ከሰሙ አራትን መዝለል አይችሉም፤ አንድ ሰው ሲያናግርዎ ጥለው እንደ መሄድ ይሆንብዎታል።

ጀማሪን የሚያሳስተው ሌላው ነገር ባሱ ነው። በብዙ ዘፈኖቻችን ባስ ጊታሩ አንድን ጥርት አድርጎ ያሳውቀናል። ሳልሳ ውስጥ ግን ባሱ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ አራት ላይ ይመታና አንድን ራሱን ዝም ብሎ ያሳልፋታል። አንድን ባሱ ላይ የሚፈልግ ሰው በር የሌለበት ግድግዳ እንደሚያንኳኳ ነው። ደወሉን ይፈልጉ። ዘፈኑ ሲሞቅ የምትሰማው የብረት ደወል አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ላይ ጠንከር ብላ ስለምትመታ ለጀማሪ ከሁሉም የቀለለች መሪ እሷ ናት። ክላቬ የሚባሉት ሁለት የእንጨት ዘንጎች ደግሞ በስምንቱ ቁጥር ውስጥ አምስት ምት ብቻ አላቸው፤ ሦስቱ በአንዱ ወገን፣ ሁለቱ በሌላው። ብዙ ጊዜ ዘንጎቹ ራሳቸው አይሰሙም፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች ግን በዚያ ምት ላይ ተስማምተው ነው የሚጫወቱት። እሱን ለጊዜው ይተዉት። እኔ ክላቬን ለይቼ ለመስማት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬም አንዳንዴ ይጠፋብኛል።

ለእኚያ እናት ያዘዝኩላቸው እንዲህ ነበር፤ ለእርስዎም ይሆናል። አንድ ዘገም ያለ ዘፈን ይምረጡ። ብዙዎቹ የሳልሳ ዘፈኖች በደቂቃ ከ160 እስከ 220 ምት ስለሚሄዱ ለጀማሪ ፈጣን ናቸው፤ ቡዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ የተባሉት የሃቫና አንጋፋዎች ካስቀረጿቸው የሶን ዘፈኖች መካከል ግን ረጋ ያሉ አሉ። ያንኑ አንድ ዘፈን ለአሥር ቀን፣ እንደ ኪኒን ጠዋትና ማታ ይስሙት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይደንሱ። ሽንኩርት እየከተፉ ደወሏን ብቻ ይከተሉ። ቀጥሎ ኮንጋውን ብቻ፤ ዱ-ዱም ሲል ጣትዎን ያንሱ። ባቡር ላይ ከሆኑ ከልደታ ጣቢያ እስከ ሜክሲኮ ድረስ አንድ ከበሮ ብቻ ይዘው ይሂዱ። አስፋልት ሲሻገሩ ግን ማዳመጫውን ከጆሮዎ ያውጡት፤ የመኪና አደጋ የደረሰበት ዳንሰኛ ማከም አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ፣ መሠረታዊውን እርምጃ ብቻ ይርገጡ። መዞር የለም። አሰልቺ ነው? ካሰለቸዎት ገና አልሰሙትም ማለት ነው፤ ሙዚቃው በየግማሽ ደቂቃው መልኩን ይለውጣል። መጀመሪያ ዘፋኙ ብቻውን ታሪኩን ይነግርዎታል፤ ከዚያ ተቀባዮቹ ይገባሉ፣ እሱ ሲያወርድ እነሱ ይመልሳሉ። ይህን ማንም ሊያስረዳን አይገባም፤ አቀንቃኝና ተቀባይ ይዘን ያደግን ሕዝብ ነን። ቀጥሎ ጥሩምባዎቹ ይነሣሉ፣ አንዳንዴም ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። በዚያች ጸጥታ አብሮ የቆመ ዳንሰኛ ሃያ መዞሪያ ከሚያውቀው ይበልጥብኛል።

መቁጠር ይቅር እያልኩ አይደለም። ቁጥር እንደ ምርኩዝ ነው፤ እግሩ ለተሰበረ ሰው ያስፈልገዋል፣ አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ግን ቢይዘው ጡንቻው ይሰልላል። አስተማሪዎች ሆይ፣ ቅር እንዳይላችሁ፤ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ሙዚቃ ብታሰሙ ተማሪያችሁ አይቀንስም። መዞሪያ በስልክ ቪዲዮ ይገኛል፤ ከበሮውን ጀርባው ላይ የሚመታለት ሰው ግን አያገኝም። «ጆሮ የለዎትም» የምትለውን ቃል ደግሞ ከአፋችሁ ብታወጧት እኔም ጥቂት ታካሚዎች ይቀንሱልኛል።

መስማት ከጉዳትም ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ። ከሳልሳ ጋር ተያይዞ ወደ እኔ የሚመጣው ችግር በአብዛኛው የጉልበት ነው። ሰውየው ከምቱ ይቀድማል፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሳያዞር ይዞራል፤ ጫማው የላስቲክ ሶል ስለሆነ ወለሉን ይይዛል፤ ሰውነቱ ሲዞር ጉልበቱ ይቀራል። የጉልበት ጅማትና በአንጓው ውስጥ ያለው ልስልስ አጥንት የሚጎዱት በእንዲህ ያለ መጠምዘዝ ነው። አራት ላይ ዱ-ዱምን የሚጠብቅ ሰው ክብደቱን የሚያደላድልበት ጊዜ አለው። ሶሉ ለስለስ ያለ ጫማ ያድርጉ፤ ሲዞሩ ተረከዝዎን ትንሽ ያንሱ። ጉልበትዎ ካበጠ ወይም አልዘረጋም ካለ ‹ይለቃል› ብለው አይደንሱበት፤ ይታዩት።

ስለ ጆሮ ካወራን አይቀር፣ ድምፅ ማጉያው አጠገብ አይቁሙ። 100 ዴሲቤል በሚደርስ ድምፅ ውስጥ ለጆሮ ደኅንነት የሚመከረው ጊዜ 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከጭፈራ ቤት ወጥተው ጆሮዎ ጭው የሚል ከሆነ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ይህን ጆሮ ለማሠልጠን ስንት ደከምን! ደረትዎን የሚያምዎ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚያዞርዎ ወይም ግፊትዎ ገና ያልተስተካከለ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። የስኳር ታካሚ ከሆኑና ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ሳይበሉ አይደንሱ፤ ከረሜላ ነገር ኪስዎ ይኑር፤ እግርዎንም ከዳንስ በኋላ ይመልከቱት።

በ2003 እ.ኤ.አ. በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 የኒውዮርክ ነዋሪዎችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ከተመዘገቡት የአካል እንቅስቃሴዎች መካከል ለመርሳት በሽታ የመጋለጥ ዕድል ማነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ዳንስ ብቻ እንደሆነ ጽፏል። ዳንሱ ነው የጠበቃቸው ወይስ አንጎላቸው ደኅና የሆኑት ናቸው የደነሱት የሚለውን ጥናቱ አይለይም። እኔ በበኩሌ የምገምተው ዳንስ እግርን ብቻ ስለማያሠራ ነው፤ መስማት፣ ማስታወስ፣ የሰው እጅ ይዞ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት አለበት። ሳይሰሙ እየቆጠሩ መደነስ ግን ከዚህ ብዙውን ያስቀራል።

እኚያ እናት ባለፈው ሳምንት ለክትትል መጥተው ነበር። ግፊታቸው ትንሽ ወርዷል፤ የምፈልገው ቦታ ግን አልደረሰም፤ መድኃኒቱንም አስተካክዬላቸዋለሁ። ወደ ትምህርቱ አልተመለሱም። «እዚያ ሰውዬ ፊት? አላደርገውም» አሉኝ። ቤታቸው ቡና እየቆሉ ዘፈኑን ይከፍቱታል፤ ልጃቸው ስትገባ አብራቸው ትረግጣለች፤ ከታች ያሉት ጎረቤት አንዴ መጥተው በር አንኳኩተዋል። ሊወጡ ሲሉ ስልካቸውን አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ዘፈኑን ከፈቱት። ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን ወደ ላይ ይዘው ጠበቁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አላሉም፤ ጣታቸው ልክ ከከበሮው ጋር ወረደ።

«ዱ-ዱም» አሉኝ፣ «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው አይደል?»